ቡፌ ውስጥ እንዳይገባ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ ግን የደብረ ብርሃን ልጅን አይጥልም። ሚሚዬ፣ ስታነቢላት እንዳትዘልዪ። አንቺ የሚሰለችሽ ቦታ ላይ ነው እሷ የምትስቀው።

ለገና ወደ አገር ቤት በሚገባ ልጅ እጅ አንድ ፌስታል ልኬልሻለሁ። ጫማ ወይም ሽቶ እንዳትጠብቂ። ስምንት ጨርቅ ነው፤ ስድስቱ እቃ ማጠቢያ፣ ሁለቱ ትልልቆቹ ደግሞ ፎጣ። ሁሉም ጥጥ ነው፣ ሁሉንም በእጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ስቀሽ ስትጨርሺ ሚሚ ትቀጥል።

ሥራዬ ያው ፓርኪንግ ውስጥ ነው፣ ሌሊት። ከስድስት ሰዓት በኋላ እስኪነጋ የሚገባው መኪና በጣት ይቆጠራል። ስልክ ሳይ ዓይኔ ይደክማል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ይመጣል፤ እንቅልፍ ደግሞ እንጀራ ያሳጣል። በወር እየከፈለች መኪናዋን እኛ ዘንድ የምታቆም አንዲት ነርስ አለች። አምና በፈረንጆቹ ገና መዳፍ የምታህል የክር ሥራ ሰጠችኝ። የሕፃን ኮፍያ መስሎኝ ግራ ገብቶኝ ሳገላብጣት፣ «እቃ እጠብበት» ብላኝ ሄደች። ወር ሙሉ አጠብኩበት። ስፖንጁ በሳምንት ሲሸት ይቺ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብታ እንደ አዲስ ትወጣለች። ከዚያ ያዥና አሳይኝ አልኳት። በየጠዋቱ መኪናዋን እስካወጣላት አምስት አምስት ደቂቃ እያሳየችኝ ለመድኩት። ልጅ ሆነን በብስክሌት ሽቦ ኮፍያ ስንሠራ የነበረውን እጄ አልረሳውም መሰለኝ።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ አንቺ ክር ስለሚገባሽ። የሹራብ መርፌው ላይ የሚደረደሩትን ቀለበቶች እኔ «ዓይን» እላቸዋለሁ። በአራት ዓይን ከጥግ ትጀምሪያለሽ፤ በየመስመሩ አንድ አንድ እየጨመርሽ 44 ስትደርሺ፣ ከዚያ አንድ አንድ እየቀነስሽ ወደ አራት ትመለሻለሽ። ካሬ ሆኖ ይወጣል። በጎኑ የምታያቸው ቀዳዳዎች ለጌጥ የተሠሩ እንዳይመስልሽ፣ ዓይን የተጨመረባቸው ቦታዎች ናቸው። ድርና ማግ የለውም እማዬ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ክር ነው። ስለዚህ ሚሚ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ክር ብቅ ብሎ ካየሽ በመቀስ እንዳትቆርጪው! ወደ ውስጥ አስገቢው፤ አንዴ ከተቆረጠ ይተረተራል።

መጀመሪያ ርካሽ ነው ብዬ የሰው ሠራሽ ክር ገዝቼ ነበር። ቀለሙ ያምራል፣ ውሃ ግን አይጠጣም፤ ሳህኑን ሲያብሱበት ውሃውን ከዚህ ወደዚያ መግፋት ብቻ ነው። አንድ ቀን ከምድጃ የወረደ መጥበሻ አስቀመጥኩበት፤ ቀልጦ ከመጥበሻው ቂጥ ጋር ተጣበቀ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች እስከ ዛሬ «ጥብሱ ሹራብ ለብሷል» ይሉኛል። ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። ነጋዴው ጥጥ ነው ብሎ ሲምል ጫፉን በምራቅሽ አርሰሽ ታይው አልነበር?

አሁን የምሠራበት ክር ንጹሕ ጥጥ ነው፤ አንዱ ጥቅል 71 ግራም፣ ርዝመቱ 109 ሜትር። ያንቺ ልቃቂት በዚህ ክብደት ስንት እጥፍ እንደሚሄድ እያሰብኩ እስቃለሁ። የነሱ ወፍራም ነው፣ አራት ቀጭን ክር አንድ ላይ የተገመደ። ጥጥ እንደ ሱፍ አይለጠጥም፣ እጅ ያደክማል፤ ሁለት ሰዓት ከሠራሁ አውራ ጣቴ ይደነዝዛል። አንቺ ግን በር ላይ ተቀምጠሽ ባዘቶውን በግራ እጅሽ ከፍ አድርገሽ፣ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ ፈተግ አድርገሽ ትለቂውና ከጎረቤት ጋር ወሬ ትቀጥያለሽ፤ ክሩም አይበጠስ፣ ወሬውም አይበጠስ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜ ላይ ብናኙ ተለጥፎ አራግፊልኝ እያልኩ እነጫነጭብሽ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አምና የላክሁት የሳህን ስብስብ ከነካርቶኑ ቡፌው ላይ እንዳለ ሚሚ ነግራኛለች። አንሶላውም ሳጥን ውስጥ ነው አሉ። እነዚህን ግን አደራ! ቡፌ ውስጥ እንዳይገቡ፣ ቴሌቪዥኑ ላይም እንዳይነጠፉ፤ ዳንቴል አይደሉም። የላክሁልሽ ስለ ነጠላሽ ነው። ትልቁን ድስት በነጠላሽ ጫፍ ይዘሽ ስታወርጂ ጥለቱ ላይ የቀረው ቡናማ ቃጠሎ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ወደ ውስጥ አጥፈሽ ትደብቂው ነበር።

ድስት ስታወርጂ ጨርቁን ለሁለት አጥፊው፤ ደግሞ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያልፍና ያቃጥልሻል። መጀመሪያ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል፣ አትደንግጪ። በሙቅ ውሃ ማጠብ ይቻላል። ሚሚ ያቺን ሽታ ያላትን የልብስ ማለስለሻ ግን እንዳትጨምርበት፤ ክሩን ትቀባውና ውሃ መጠጣቱን ይተዋል። ሁለቱ ፎጣዎች ጫፋቸው ላይ ማንጠልጠያና ቁልፍ አላቸው፤ እዚህ ምድጃው እጀታ ላይ ነው የሚሰቅሉት፣ አንቺ ከማጠቢያው አጠገብ ምስማር አስመቺለት። አረንጓዴዋ የእትዬ ናት፣ ቡና ስታፈላ ለጀበናዋ። ግራጫዋ መሃሏ ላይ ቀዳዳ አለባት፤ መኪና ሊወስድ የመጣ ሰው መስታወቱን ሲያንኳኳ ደንግጬ አንድ ዓይን አምልጦኝ ነው። ፈትቼ ልሠራት ብዬ ተውኳት። አንዳንዶቹ ጥግና ጥጋቸው ቀለሙ ይለያያል፤ ክር ሲያልቅብኝ ከሌላው ትርፍ ቀጥዬ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዓይንሽ ከፈቀደ፣ ለጋቢ እንደምትፈትይው ወፈር ያለ ማግ፣ ልጁ ሲመለስ ሁለት ልቃቂት ላኪልኝ። ሁለት ሦስቱን ገምጄ ልሞክረው። አሁን ፈትል የሚገዛ ጠፋ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ እኔ እገዛለሁ፣ ዋጋውን ደግሞ እንደ ልማድሽ አስወድደሽ ንገሪኝ። ኪሎ በዛብኝ እንዳይል ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ የኔ ስምንቱም ጨርቅ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።

እሑድ እደውላለሁ። ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት ሚሚን የምጠይቃት ድስቱ በምን እንደወረደ ነው።

ልጅሽ