ለኮምቦልቻው መምህር ወዳጄ፦ ካርታ ይዘው ስለሚሮጡ ተማሪዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? እኛ ደሴዎች ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ በመክረሜ ይቅር በለኝ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጦ መጠፋፋት ለሰሚም አይመችም። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ኦሪየንቲሪንግ የሚባለው፣ ካርታ እያነበቡ የሚሮጡበት ስፖርት ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነህና ከሰውነት ማጎልመሻው መምህር ጋር ሆነህ በትምህርት ቤትህ እንድትጀምረው እፈልጋለሁ፤ አሠራሩን በዝርዝር ልጻፍልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ነጥቦች የተከበቡበት ካርታ ይሰጠዋል፤ ነጥቦቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ያገኛል፤ በየነጥቡ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምልክት ይዞ ይመለሳል። በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚወስነው ራሱ ነው። አንድ ነጥብ የዘለለ ወይም ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ውጤቱ ይሰረዛል። ይህችን ሕግ ለሰውነት ማጎልመሻው መምህር አስቀድመህ ንገረው። እኛ አገር ሩጫ ሲባል ሁሉም የሚያስበው እግር ነው፤ እዚህ ግን ቀስ ብላ አስተውላ የሄደችው ልጅ፣ ገስግሶ አንድ ነጥብ የሳተውን የክፍሉን ፈጣን ሯጭ ታሸንፈዋለች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዘው የሚቆሙት ልጆች የሚነቁት በዚህ ነው። ስዊድናዊው ሻለቃ ኤርነስት ኪላንደርም እ.ኤ.አ. በ1918 አካባቢ ካርታና ኮምፓስ አስይዞ ወጣቱን ወደ ገጠር ማሰማራት የጀመረው ልጆቹ ከሩጫ እየራቁ መሄዳቸው አሳስቦት ነበር።

መምህራንን በስብሰባና በንግግር ለማሳመን አትድከም። የራሳቸውን ግቢ ካርታ እጃቸው ላይ አስቀምጥላቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ጥራቸውና ከማብራሪያው በፊት ራሳቸው ነጥብ ይፈልጉ። መምህር የሚቀበለው ነገ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያለ ረዳት ብቻውን ሊያስተምረው የሚችለውን ነው። ከተራራ ውድድር የሚጀምር ግን አንድ ቀን ደምቆ በማግስቱ ይረሳል።

የግቢው ካርታ በ1፡1000 መስፈርት ይሁን፤ አንድ ሳንቲሜትር አሥር ሜትር ማለት ነው፤ በአንድ ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሜትር ስለሚገባ አብዛኛው ግቢ ይበቃዋል። ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር የሚባለው ነፃ መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል፤ የሳተላይት ምስሉን ከሥር አድርገህ ሕንፃውን፣ አጥሩን፣ በሩን፣ ዛፉን ትስላለህ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ ግቢውን በእግርህ ካልዞርክ ግን ካርታ አትበለው። የዛፍ ጥላ መንገዱን ይደብቃል፤ ምስሉ ከተነሣ ወዲህ የተሠራ ክፍል አይታይም፤ ደግሞም ምስሉ የትኛው በር እንደሚከፈትና የትኛው እንደተቆለፈ አይነግርህም። ለሯጩ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ የሚታለፍና የማይታለፍ። የደሴን ግቢዎች ታውቃቸዋለህ፤ እርከን በእርከን ናቸው። ልጁ ከድጋፍ ግንቡ አናት ላይ ቆሞ ምልክቱን ከእግሩ ሥር፣ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ያየዋል፤ መውረጃው ደረጃ ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። ያን ግንብ በወፍራም ጥቁር መስመር ካላሰመርከው ሊዘል ይሞክራል። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሚበዛው በዚህ በኩል ያንተ ሥራ ይቀልላል፤ የኮንቱር መስመር (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳየውን) ሳታስገባም መጀመር ትችላለህ። የአገሪቱ 1፡50,000 ካርታ ግን አይጠቅምህም፤ የኮንቱሩ ልዩነት 20 ሜትር ስለሆነ ግቢህ በሁለት መስመር መካከል ይጠፋል።

ስታትም ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ማተሚያው ከወረቀቱ ጋር ላመጣጥን ብሎ ካርታውን ያሳንሰዋል፤ ስለዚህ ከግርጌው የ10 ሳንቲሜትር መስመር አስምርና ታትሞ ሲወጣ በማስመሪያ ለካው። ሁለተኛው፣ ፎቶ ኮፒ ቀለም ስለሚያጠፋ አረንጓዴውም ቢጫውም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ለትምህርት ቤት በጥቁርና ነጭ ሥራው፤ ቁጥቋጦውን በነጠብጣብ፣ ሣሩን በጭረት ለይ፤ ነጥቦቹን በቀይ እስክሪብቶ ክበብ፤ መነሻው ሦስት ማዕዘን፣ መድረሻው ድርብ ክብ ይሁን።

የመጀመሪያው ትምህርት ካርታን ከመሬቱ ጋር ማገጣጠም ነው። ልጆች ካርታን እንደ ደብተር ጽሑፉን ወደ ራሳቸው አድርገው ይይዙታል፤ ፊታቸውን ባዞሩ ቁጥር ግራና ቀኙ ይገለበጥባቸዋል። የብዙው ጀማሪ ስሕተት ምንጩ ይህ ነው። ዘጠኝ ሃይላንድ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሙላና ሦስት በሦስት አድርገህ በአምስት ሜትር ርቀት አቁማቸው። ዘጠኙን ነጥብና የሚሄድበትን መስመር የያዘ ቁራጭ ወረቀት ለተማሪው ስጠው። በየመታጠፊያው ሰውነቱ ይዞራል፣ የወረቀቱ ራስጌ ግን ምንጊዜም ወደ ባንዲራው እንጨት ያመልክት። አውራ ጣቱንም አሁን ባለበት ቦታ ላይ ያድርግ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ይህን ሳታስጨርስ ወደ ሌላ አትለፍ።

ቀጥሎ የኮከብ ልምምድ አለ። ስድሳ ተማሪ ካለህ ሠላሳ ጥንድ ይሆናሉ፤ አሥር ነጥብ አስቀምጥ፤ በየነጥቡ ሦስት ጥንድ ልከህ አስጀምር። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ነጥብ አግኝቶ እዚያ የተጻፈውን መለያ ቁጥር (ኮዱን) ጽፎ ወደ አንተ ይመለስና ቀጣዩን ይቀበላል። ሁሉንም በየሁለት ሦስት ደቂቃው ስለምታያቸው የጠፋው ወዲያው ይታወቃል፤ የተሳሳተውንም ካርታው ላይ አሳይተህ መልሰህ ትልከዋለህ። ኮዶቹን ከ31 ጀምር፤ በዓለም አቀፉም ውድድር እንዲህ የሚደረገው የነጥቡ ተራ ቁጥርና ኮዱ እንዳይምታታ ነው። ኮድ መቀባበላቸው አይቀርም። መፍትሔው በሕንፃው በአንደኛው ማዕዘን 34፣ በሌላኛው 43 ማስቀመጥ ነው፤ ካርታውን ያላነበበ የተሳሳተውን ይዞ ይመጣል።

በየነጥቡ ለሚሰቀለው ምልክት ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ከየቀለሙ ሁለት ሜትር ለአሥር ምልክት ይበቃል። እያንዳንዱ ሦስት ፊት አለው፤ ፊቱ 30 በ30 ሳንቲሜትር ሆኖ በሰያፍ ለሁለት ይከፈላል፤ ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ነፋስም እጅም ይወስደዋልና ለዘወትር ትምህርት ግን ኮዱን በየሕንፃው ማዕዘን በዘይት ቀለም በትንሹ ማጻፍ ይሻላል። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅድ።

ኮምፓስ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግህም። ከውጭ የሚላክልህ ካለ ግን ለየትኛው የምድር ክፍል እንደተመጣጠነ ጠይቅ። እኛ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ነን፤ ለአውሮፓ የተሠራው መርፌ ደቡብ ጫፉ ስለሚከብድ እዚህ ሲመጣ ያዘነብልና ወለሉን እየታከከ ይቆማል። ደህናውም ቢሆን ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ ይሳሳታል፤ ራቅ ብሎ ማየት ነው።

ከግቢ ለመውጣት አትቸኩል። ስትወጣም ልጁ ቢስት እንኳ የሚያስቆመው ድንበር ይኑርህ፤ እናንተ ጋ ቦርከና አለ፣ በክረምት ግን ወንዙን ድንበር አታድርገው። የከባድ መኪናውን አስፋልት የሚያቋርጥ መስመር በጭራሽ አትሥራ። የ2014ቱ ጦርነት የነካቸው ኮረብታዎችና ምሽጎች፣ የጦሳ ገመገምም ቢሆን፣ የሚመለከተው አካል ነፃ ነው ሳይል ተማሪ አይረግጣቸውም፤ የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ ሁልጊዜ ይነገራቸው። ሲወጡ ቁጠራቸው፣ ሲገቡ ቁጠራቸው፤ የመመለሻ ሰዓት ወስን፤ ነጥቦቹን ሁሉ ያላገኘም መድረሻው ላይ መጥቶ ስሙን ያስመዝግብ። ፉጨት ይኑራቸው፤ በደቂቃ ስድስት ጊዜ መንፋት እርዳታ መጠየቂያ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ ጥቅምትና የካቲት ምቹ ናቸው፤ የፈተና ሰሞን አትሞክረው፣ መምህራኑም ልባቸው አይሰጥህም። የዓለም ኦሪየንቲሪንግ ቀን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግንቦት ወር አካባቢ ይከበራል፤ ልጆቹ በዚያ ሰሞን በራሳቸው ግቢ ቢሮጡ ከሌላው ዓለም ተማሪዎች ጋር ተሰለፉ ማለት ነው።

እንግዲህ የግቢህን ርዝመትና ስፋት በሜትር ለካና ከበሮቹ አቀማመጥ ጋር በቴሌግራም ላክልኝ፤ የመጀመሪያውን ካርታ እኔ ስዬ እልክልሃለሁ፣ ዞረህ ታርመዋለህ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከደሴ