ሁለቱ አንበሶች

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የሚያደርስላት ሰው እየፈለገች ነው።

ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ አካውንቲንጉን ስጨርስ ቅርጻ ቅርጽ መማር እፈልጋለሁ» ስትዪኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እምቢታ እንዳትወስጂብኝ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ትዝ አልሽኝ። በብሔራዊ ቴአትር በኩል ስናልፍ የድንጋዩን አንበሳ እያሳየሽኝ «ይሄ ለምንድን ነው አንበሳ የማይመስለው?» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ሠሪው ስላልቻለበት ነው» አልኩሽ። ሳላውቅ ነው የመለስኩልሽ። ዛሬ ላርመው።

ሰኞ ዕለት ሱቁን ዘግቼ ለገሃር ወረድኩ። ወርቃማውን አንበሳ ታውቂዋለሽ። ጆርጅ ጋርዴ የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው ነው፤ በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ቆመ። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው እሱን እዚያ አይቶ ነው ይባላል። ጋማውን እጅ ቢሰዱበት የሚለሰልስ ይመስላል። ከዚያ በእግሬ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወጣሁ። ሩቅ አይደለም። ያኛውን የሠራው ሞሪስ ካልካ ነው። እሱም የመጣው ከፈረንሳይ ነው፣ ለንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል። ተጠግቼ አየሁት። ፀጉር የለ፣ ጡንቻ የለ። ድንጋዩ ድንጋይነቱን አልደበቀም። ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሳየው ግን የአንበሳ ክብደትና ኩራት አለው። ሰውየው ችሎበታል ልጄ። ሌላውን ሁሉ ትቶ የሚፈልገውን ብቻ ነው ያስቀረው።

ታዲያ ከወርቃማው አንበሳ ዓይነት አሠራር ወደዚህኛው ምን አደረሰ? ጠረጴዛሽ ላይ የተውሽውን የቅርጻ ቅርጽ መጽሐፍ ማታ ማታ ወንድምሽ እያነበበ ይተረጉምልኛል። ነገሩ ሮዳን ከሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ ይጀምራል። ሮዳን የደራሲውን የባልዛክን ሐውልት ሲሠራ እጅና እግሩን በሰፊ ካባ ጠቅልሎ ራሱን ብቻ ቀና አደረገው። ያዘዘው የደራስያን ማኅበር በ1898 (ዓመቶቹ ከዚህ በኋላ በፈረንጅ ናቸው) አልቀበልም አለ። ሮዳን በ1917 ሞተ። ሐውልቱ ፓሪስ ጎዳና ላይ የቆመው በ1939 ነው። ሰውየው ሳያየው ቀረ። ይህን ሲያነብልኝ ልቤ ተነካ።

ብራንኩሲ የሚባል ቀራፂ ደግሞ ከሩማኒያ መጥቶ ሮዳን ጋ ጥቂት ጊዜ ሠራና፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ምንም አይበቅልም ብሎ ወጣ ይባላል። የሠራት ወፍ ክንፍም ላባም የላትም። የተወለወለች ቀጭን ነሐስ ናት፣ ሽቅብ የምትመዘዝ። በ1926 ኒውዮርክ ስትደርስ ጉምሩክ ይቺማ የጥበብ ሥራ አይደለችም አለ። ከወጥ ቤትና ከሆስፒታል ዕቃ መድቦ 40 በመቶ ቀረጥ ጠየቀባት። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1928 ወፏ ረታች። ያኔ አንቺ የጠየቅሽኝን ነው ዳኞች ፊት የተከራከሩበት።

ግን ከሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ የብየዳው ነው። እስከዚያ ድረስ ሐውልት ወይ ከድንጋይና ከእንጨት ይጠረባል፣ ወይ በጭቃ ተሠርቶ በነሐስ ይወጣል። ሠዓሊው ፒካሶ በ1912 ካርቶን ቆራርጦና አያይዞ ጊታር ሠራ። ኋላ ያንኑ በላሜራና በሽቦ ደገመው። ሁሊዮ ጎንዛሌዝ የሚባል የባርሴሎና ሰው ደግሞ ነበር። ቤተሰቡ ብረት ሠሪ ነው። በ1918 ፓሪስ ሬኖ መኪና ፋብሪካ ገብቶ የጋዝ ብየዳ ተማረ። ከዓመታት በኋላ ፒካሶ ብረት መሥራት ሲያምረው የሄደው እሱ ጋ ነው። ጎንዛሌዝም ባዶውን ቦታ በብረት እየከበበ የራሱን ሐውልቶች ሠራ። እኔ 30 ዓመት ቱቦላሬ ስቆርጥና ስበይድ በርና መስኮት ብቻ ነው የታየኝ። በማግስቱ አንድ የመስኮት ፍሬም አንስቼ በባዶው በኩል መንገዱን አየሁበት። ፍሬሙ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ይህ የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ። ፓሪሶች ራሳቸው የአፍሪካ ጭምብል አይተው ነው ዓይናቸው የተገለጠው። እኛም ጢያ ላይ የጥንት መቃብር ትክል ድንጋዮች አሉን። የሟቹን መልክ ትተው ሰይፎቹን ቀርጸውለታል። በመስከረም ወስጄ አሳይሻለሁ።

አካውንቲንጉን ጨርሺ፤ በዚህ አልደራደርም። ከዚያ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተፈተኚ። ክፍያው የኔ ነው። ከሱቁ ጓሮ የተከመረውን ቁርጥራጭ ላሜራ አልሸጥኩም፤ ቁራሌው ሁለቴ መጥቶ መልሼዋለሁ። ክረምት ስትመጪ አንቺው ምረጪው። የመበየጃ መነጽር በልክሽ ገዝቼልሻለሁ። እሱን ሳታደርጊ ግን ብረቷን አትነኪያትም።

አባትሽ