መስኮቱ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የጋብቻ ፈቃድ በሚሰጠው የካውንቲ ክለርክ ቢሮ በመቀጠርሽ እግዚአብሔር ይመስገን። «ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ተጋቢዎች ፈቃድ ሊያወጡ ቢመጡ እምነቴ አይፈቅድም ማለት እችላለሁ ወይ?» ላልሽኝ ጥያቄ በስልክ ከማጣድፈው ብጽፍልሽ ይሻላል።

መጀመሪያ የኬንተኪዋን ኪም ዴቪስን ጉዳይ ልብ ብለሽ እዪው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 26፣ 2015 በ5 ለ4 ድምፅ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ፣ የሮዋን ካውንቲ ክለርክ የነበረችው ሴትዮ፣ አዳላች እንዳትባል፣ ለወንድና ሴት ጥንዶችም ጭምር ፈቃድ መስጠት አቆመች። ሌላ ካውንቲ ሄደው ያውጡ የሚለው ክርክርም አላዋጣትም፤ ሰዎቹ ግብር የሚከፍሉት እዚያው ነው። የፌዴራል ዳኛው በኒንግ ፈቃዱን ስጪ ብለው አዘዙ፣ እምቢ አለች፣ ችሎት በመድፈር ከሴፕቴምበር 3 እስከ 8 ታሰረች። የከሳሾቹ ጠበቆች የጠየቁት ግን እስር ሳይሆን የገንዘብ ቅጣት ነበር።

ዋናው ጥፋቷ፣ እንደኔ፣ ራሷ አለመፈረሟ አይደለም። ምክትሎቿንም መከልከሏ ነው። ከስድስቱ አምስቱ ዳኛው ፊት ቀርበው እንሰጣለን ብለዋል፤ ቀድማ እንዲሰጡ ብትፈቅድላቸው ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ። ያስጨነቃት ፎርሙ ላይ የሚታተመው ስሟ ነበር። እሱንም የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ2016 የክለርክን ስም ከፎርሙ አውጥተው ፈቱት። መዘዙ ግን አልለቀቃት፤ በ2023 ፈቃድ ለከለከለቻቸው አንድ ጥንድ 100,000 ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት፣ የጠበቃ ወጪ ደግሞ ወደ 260,000 ዶላር ተጨመረበት። ኖቬምበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኟን አላይም አለ።

አንቺ ግን እንደ እሷ በሕዝብ የተመረጥሽ ሳይሆን የተቀጠርሽ ነሽ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪሽ እምነትሽን እንዲያስተናግድ ያስገድደዋል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 በሰጠው ውሳኔ መሠረት እምቢ የሚለው ከበድ ያለ ጫና ከደረሰበት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን አሁኑኑ፣ ገና ባለጉዳይ ሳይመጣ፣ ለአለቃሽ በጽሑፍ አቅርቢ። ከጋብቻ ፈቃድ ሥራ በሙሉ አንሡኝ በይ እንጂ «ከእነዚህኞቹ ብቻ» አትበይ። የሰሜን ካሮላይና ሕግም እንዲሁ ነው፦ በእምነት ምክንያት ራሱን የሚያገልል ሠራተኛ ቢያንስ ለስድስት ወር ከማንኛውም ጋብቻ ይገለላል። በምትኩ የመኪና ታርጋ ወይም የይዞታ ሰነድ ምዝገባ እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

ችግር የሚመጣው ቢሮው ሁለት ሰው ብቻ ሲኖረው ነው። አንዷ ምሳ ስትወጣ ማን ይፈርማል? መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ ይኑር፤ ተተኪዋን በስም ጥቀሺ፣ የምሳ ሰዓታችሁንም አለያዪ። ባለጉዳይ ፊት ስለ እምነትሽ አንዲት ቃል እንዳይወጣሽ፤ «ትንሽ ይታገሡ» ብለሽ ለጓደኛሽ አስረክቢ።

ደግሞም ፈቃድና ሥርዓተ ጋብቻ አይምታቱብሽ። ቄስን ማንም አያስገድድም። የክለርክ ፊርማ የሚመሰክረው፣ ዳኛ በኒንግ እንዳሉት፣ መረጃው ትክክል መሆኑንና ተጋቢዎቹ በሕግ መጋባት መቻላቸውን እንጂ ጋብቻውን መባረኩን አይደለም። ይህን አስበሽ ልፈርም ካልሽም የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ እኔ አልፈርድብሽም።

ረቂቁን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፤ የግዛቱን ሕግ አንቀጽ አብረን እናያለን።

አባትሽ