ስለ ጓሳ ጉብኝት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤
ደብረ ብርሃን

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ኦራንጉታን ስለሚባለው ጭራ የሌለው ትልቅ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ሲያወሩ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወሬው የመጣው ከእኛው ነው። የተፈጥሮ ክበባችን በዚህ መንፈቅ የያዘው ርዕስ ረግረጋማ ደን ነው። ለምሳሌ የወሰድነውም በኢንዶኔዥያ፣ በቦርኒዮ ደሴት ላይ ያለውን የታንጁንግ ፑቲንግ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ልጆቹ በጣም ወደዱት። አሁን «መቼ ነው የምንሄደው?» እያሉ መምህራኑን ቁም ስቅል እያሳዩአቸው ነው።

ቦርኒዮ አንሄድም፤ ኪሳችን አይፈቅድም። እዚሁ መንዝ ያለው ጓሳ ግን እንሄዳለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፈቃዳችሁን ለመጠየቅ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የሰው አገር ረግረግ ለልጄ ምን ይሠራለታል?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ታንጁንግ ፑቲንግ ውስጥ ጎብኚ የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው በጀልባ ነው። ክሎቶክ የሚሏት ሞተር ያላት የእንጨት ጀልባ አለች። ሰው እላይዋ ላይ ይበላል፣ እዚያው ያድራል። ከዋናው ወንዝ ወደ ገባሩ ሲታጠፉ ውሃው እየጠቆረ ይሄዳል። ቆሽሾ አይደለም። የወደቀ ቅጠል ተነክሮበት ቀለሙን ስለሰጠው ነው፤ ጌሾ የምትነክሩ እናቶች ይህን ለማስረዳት እኔን አትፈልጉም። ከሥር ያለው አፈርም ለሺህ ዓመታት የተደራረበ ቅጠልና እንጨት ነው። ውሃ አየር ስለከለከለው በደንብ አልበሰበሰም። ውሃው በቦይ እንዲወጣ ከተደረገ ግን ይደርቃል፣ ከደረቀም ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2015 ድርቅ ሲመጣ በዚያ አገር ብዙ ረግረግ ነድዷል። እሳቱ መሬት ውስጥ ስለሚሄድ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማጥፋቱ መከራ ነው።

እንስሳቱማ ተወርተው አያልቁም። ኦራንጉታን በየምሽቱ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አጥፋ አዲስ መኝታ ትሠራለች። ግልገሏን ሰባት ስምንት ዓመት ከጎኗ አትለይም። ይህን ያወቅነው እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ እዚያው ጫካ ውስጥ ተቀምጠው ያጠኑ እንደ ቢሩቴ ጋልዲካስ ያሉ ተመራማሪዎች ስላሉ ነው። ልጆቹን ያሳቃቸው ግን አፍንጫው የተንዠረገገው፣ ሆዱ የተነፋው ጦጣ ነው። ከዛፍ ዘሎ ወንዝ ውስጥ ይገባና ይዋኛል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ጓሳ ደን አይደለም፣ ሙቀትም የለውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫማ ሜዳ ነው። ነገር ግን በጓሳው ሣር መካከል ረግረግ አለው፤ ለመንዝ የሚወርዱ ምንጮችም ከዚያ ይነሳሉ። ልጆቹ በሥዕል ያዩትን እርጥብ መሬት በእግራቸው ረግጠው እንዲያዩት የምፈልገው ለዚህ ነው። ደግሞም የራሳችን ታሪክ አለን። የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጓሳን ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቆታል። ሣሩ የሚታጨደው ማኅበረሰቡ ተስማምቶ ሲከፍተው ብቻ ነበር፤ አንዳንዴ ለዓመታት ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ዝም አላለም፤ ኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃውን መልሶ ያዘው። እኔ በግሌ ልጆቹ ከቀይ ቀበሮው ይልቅ ይህን ቢያስታውሱልኝ እመርጣለሁ። እነሱ እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ቀይ ቀበሮውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም፣ ያለውም ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ሲዘዋወር ይታያል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ነው፤ ከጭላዳ መሃል ሲሆን 67 በመቶ ይደርሳል። ጭላዳውን ልጆቹ ጣቱን አስተውለው ይዩ ብለናል። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ሣሩን አንድ በአንድ ይነቅላል። የፊቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ሣር ሲጠጋ እንኳ አይነሳም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው።

ጉዞው ቅዳሜ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ተነሥተን በጣርማ በር መንገድ እንሄዳለን፤ ማታ እንመለሳለን። የመንገዱን ሁኔታ ከሚመለከታቸው አካላት ሳናረጋግጥ አንንቀሳቀስም። ካላመቸ ለሌላ ሳምንት እናዛውረዋለን፣ ቅር እንዳይላችሁ። የመኪናውን ወጪ ትምህርት ቤቱ ይችላል። ምሳ ከቤት ይቋጠርላቸው፤ ዳቦም ቆሎም ይሆናል። ለጭላዳ ግን አንዲት ፍሬ እንዳይሰጡ አደራ በሉልን፤ ከሰው መብላት ከለመደ በኋላ ማሳም ሰውም ያስቸግራል። ፌስታል ይዞ የሄደ ይዞት ይመለሳል።

ብርዱ የዋዛ አይደለም። ሹራብ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ያስፈልጋል፤ ጋቢ ያለው ጋቢ ይያዝ። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፣ ከፊት እናስቀምጠዋለን። አብረውን መሄድ የሚችሉ ሁለት ወላጆችም እንፈልጋለን።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ላኩልን። ቅጽ ያላመጣ ልጅ መኪና ላይ አይወጣም፤ በር ላይ ቢያለቅስም እንኳ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር