ጥንብ አንሳው ላይ ድንጋይ፣ ለአጋዘኑ ካሮት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን እዚህ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የእኛ ሰፈር ሐበሻ ወሬው ሁሉ ጥንብ አንሳ ሆኗል። መኪና የገጨው አጋዘን አንድ ወዳጃችን ጓሮ ገብቶ ሞተ። ሲነጋ አጥሩም ጣራውም በጥቋቁር ወፍ ተሞላ። የቤቱ እናት "ሟርት ነው" ብለው ጸበል ረጩ፣ ልጃቸው ድንጋይ ይዞ ወጣ፣ አንዱ ጎረቤት ደግሞ ይባስ ብሎ መርዝ ይደረግላቸው አለ።

ኧረ ተዉ ጎበዝ! አንደኛ ነገር ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የፌዴራል የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ ይጠብቃቸዋል፣ ያለ ፈቃድ መግደል ያስቀጣል። ሁለተኛ፣ በግል ግቢ የሞተን እንስሳ ማንሳት እዚህ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሥራውን በነፃ ይሠሩላችኋል። ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ራሰ ቀዩ ጥንቡን በማሽተት ያገኘዋል፤ ራሰ ጥቁሩ አፍንጫው ደካማ ስለሆነ ቀዩን በዓይኑ እየተከተለ ይመጣል። ሆዳቸው ውስጥ ያለው አሲድ አባ ሰንጋን እንኳ ይገድላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ያ ሁሉ አጋዘን ቆዳና አጥንት ሆኖ ቀረ። መላእክት ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ጥቁሮቹ የመኪና ዋይፐር ጎማ ይቦጫጭቃሉ፣ በጣም ከተጠጋችኋቸውም ያስመልሳሉ።

ሕንድ የደረሰውን አስታውሱ። እኛ ለወገብ ሕመም የምንውጠው ዳይክሎፌናክ ለከብት ይሰጥ ነበርና የዚያን ከብት ጥንብ የበሉት ጥንብ አንሳዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደ ቅጠል ረገፉ። ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፣ ውሻውም በዛ።

የገረመኝ ግን ያው ወፍ የሚያባርረው ቤተሰብ፣ ማታ ማታ አጋዘን በካሮት እየጠራ ልጆቹን ፎቶ ማንሳቱ ነው። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ አጋዘን መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በአንዳንድ ካውንቲማ ዓመቱን ሙሉ ነው። ምግብ የለመደ አጋዘን ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፣ መንገድ ያቋርጣል፣ በተለይ በኦክቶበርና በኖቬምበር የድሪያ ወቅታቸው ስለሆነ መኪና አይታያቸውም። በዚያ ላይ መዥገር አለ። መዥገሯ ስትነክስ የምታስተላልፈውን የላይም በሽታ ባክቴሪያ የምታገኘው በአብዛኛው ከአይጥ ነው፤ ያደጉትን መዥገሮች ደም እያጠጣ በየጓሮው የሚያዞረው ግን አጋዘኑ ነው። ልጆቹ ደግሞ እዚያው ሣር ላይ ይንከባለላሉ።

እናም አንድ ልመና አለኝ። ብዙ እናቶቻችን የላይም በሽታን ስሙንም አልሰሙም። መዥገር ቶሎ፣ አንድ ቀን ሳይሞላት፣ በጉጠት ከተነቀለች በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ትንሽ እንደሆነ፣ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ቆዳ ላይ ከታየ ደግሞ ሐኪም ጋ መሄድ እንደሚያስፈልግ የሚነግራቸው የለም። አንድ ሐበሻ ሐኪም አነጋግራችሁ በአማርኛ ብታወጡት፣ አትሜ በቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከፌርፋክስ