የሸቭሮሌቴን ዕድሜ ሳይሆን ፍሬኑን እዩልኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን ገጻችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ መኪና ሁሉ ከአዲስ አበባ ጎዳና ተለቅሞ ወደ ብረት ማቅለጫ ይግባ ብለው ነበር። ጽሑፋቸውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በንዴት፣ ኋላ በርጋታ። በርጋታ ሳነበው ግማሹን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የቀረው ግማሽ ነው።

እኔ የ70 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። 34 ዓመት በማተሚያ ቤት ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። የምኖረው ሰባራ ባቡር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ካስመጣው የእንፋሎት ባቡር ነው፤ መንገድ ሊሠራ መጥቶ ተሰብሮ እዚያው ቀረ። በዚያን ጊዜ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ሰፈራችን ዛሬ ማን ይባል ነበር እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

በግቢዬ ያለው መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1957 ሸቭሮሌት ነው። አራት በር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሹ ከመሪው ሥር የሚገባ። አባቴ በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይሠራ የነበረ የአንድ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበር። ሰውዬው በ1956 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ከአባቴ ደመወዝ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠ መኪናውን ሸጠለት። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊል ሲመጣ እናቴ ቡና የቀዳችው መኪናው አጠገብ ነው።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በእኛ ቤት የሆነው ግን ይህ ነው፦ አባቴ ሸቭሮሌቱን ከግቢው ጥግ ዳስ ሥር አስገባ፣ በሸራ ሸፈነ፣ ቁልፉን ለእናቴ ሰጠ። እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አልነዳውም። በኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉ ነበር። ሸራውን የገለጥኩት በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ ነው፤ 41 ዓመት ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ሞተሩ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። በጉልበት ላዙረው ያለ ሰው ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ቢዬላውን፣ ያጣምመዋል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ስድስቱን ካንዴላዎች ፈትቼ በቀዳዳዎቹ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ ጨመርኩና ሦስት ሳምንት ተውኩት። በየማለዳው ከቡና በፊት እየሄድኩ በረጅም መፍቻ ትንሽ ገፋ አደርገው ነበር። በ22ኛው ቀን የጣት ጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ለባለቤቴ ሮጬ ነገርኳት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ቁርስ ብላ» አለችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ የመፍቻ ነው። የአሜሪካ መኪና ብሎን በኢንች ነው። የ13 ቁጥር መፍቻ ለግማሽ ኢንች ብሎን ያስኬዳል፣ የ19 ቁጥር ደግሞ ለሦስት አራተኛ ልክክ ይላል። የ14 ቁጥሩ ግን ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ኢንች የሆነውን ራስ ጨርሶ አይገባለትም፤ የ15 ቁጥር ይዞ የታገለ ደግሞ የብሎኑን ራስ ያንከባልለዋል። የኢንች መፍቻዎቼን አንድ በአንድ የለቀምኩት ከምናለሽ ተራ ነው። ሙሉ ለመሆን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የቋንቋውም ነገር አለ። መኪናው አሜሪካዊ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ጋራዥ ሁሉ ነገሩ በጣሊያንኛ ነው የሚጠራው፤ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ኮፋኖ፣ ማርሚታ። ቨርጂኒያ ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ግዛልኝ» ብዬ ስልክለት «ጋሼ፣ ይህ የምግብ ስም ነው?» አለኝ። በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባ ማሸጊያ መሆኑን ካስረዳሁት በኋላ የሊብሬውን ፎቶግራፍ እንድልክለት ጠየቀኝ፤ ላክሁለት። ከሁለት ወር በኋላ የመጣው ጓርኒሲዮን ሲሊንደሩ ላይ ሳስቀምጠው ቀዳዳው ጠበበ። በመለኪያ ሳየው ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል በላይ ያንሳል። ለካ ሊብሬው በሆነ ዘመን ሲታደስ አንድ ትጉህ ጸሐፊ 1957ን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ «1949» ብሎ ጽፎታል! የእህቴ ልጅ ያዘዘው ለ1949 ሸቭሮሌት ነው፤ የዚያ ሞተር 216 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ የእኔው 235። ስህተት የሠራ ሰው የለም፤ ሁሉም በየአቆጣጠሩ ልክ ነበር። ገንዘቤ ግን ሄደ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ሊብሬያችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩ።

ሲሊንደሩን ያሰፋልኝና የቫልቮላ (የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ) መቀመጫዎቹን የለወጠልኝ ፒያሳ አካባቢ የነበረ ባለ ቶርኖ ቤት ነው። መቀመጫዎቹን ያስለወጥኩት ለጌጥ አይደለም። በዚያ ዘመን ቤንዚን እርሳስ ይቀላቀልበት ነበር፤ እርሳሱ የቫልቮላውን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቀዋል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከቀረ 20 ዓመት ገደማ ሆኗል፤ ስለዚህ መቀመጫው ጠንካራ ብረት ካልገባበት እየተበላ ይሄዳል። ያ ሰው ሠፈሩ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ ተዛውሯል። አሁን ለአንዲት ትንሽ የቶርኖ ሥራ ግማሽ ቀን መንገድ እሄዳለሁ። ቅሬታ አይደለም፤ የትም ቢሄድ እጁን እከተላለሁ።

የመኪና አካል መለሰኛ የሆነውን ስቱኮን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ከርዕሴ ብወጣም። ዝገቱን ሳይቆርጡ፣ ላሜራ ሳይበይዱ፣ ስቱኮ በጣት ውፍረት ደርበው በሚያብረቀርቅ ቀለም የሚሸፍኑ ሰዎች አሉ። ለሠርግ የሚከራዩ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ጸሐፊው እውነት ልምጣ። ሸቭሮሌቴ በመቶ ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ይጠጣል። ጭስ ባይታይበትም የሚያወጣው አየር ከዛሬ መኪና የቆሸሸ ነው፤ ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት በአሜሪካ መኪኖች ላይ በብዛት መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ሞዴሎች ነውና። ከሁሉ የከፋው ግን ፍሬኑ ነበር። በ1957ቱ መኪና ላይ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው የፍሬን ፖምፓ ባለ አንድ ክፍል ነው። ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ በኩል ዘይት ካፈሰሰ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ፍሬን የሚባል ነገር አይኖርም። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ደርሶብኛል፤ በእጅ ፍሬንና በመጀመሪያ ማርሽ፣ በእመቤታችንም ርዳታ ቆምኩ። በማግስቱ ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ አዘዝኩ፤ የፊቱና የኋላው ፍሬን ተለያየ። አንዱ ቢከዳ አንዱ ይይዛል። የወንበር ቀበቶም ጨመርኩ። መኪናው እንደ ጥንቱ ካልሆነ የሚሉ ወዳጆች ተቆጥተውኛል፤ ይቆጡ።

ነዳጁንም ልተሳሰብ። በዓመት የምነዳው 600 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ 100 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ሠልፍ ይዘው ለሚያድሩት ባለታክሲዎች እንዳልሻማ የምሞላው እሑድ ማለዳ ነው። ደግሞም በዚህ ከፍታ ላይ ሩቅ መንዳት አያምርም። ፋብሪካው 140 የፈረስ ጉልበት ብሎ የሰጠው ሞተር በእኛ ስስ አየር አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሾልከዋን የናስ ብሎን በጠባብ ቀዳዳ ካልለወጡለት ቤንዚን በዝቶበት ካንዴላውን ያጠቁራል። እንጦጦን ስወጣ ቤንዚኑ ገና ካርቡሬተሩ ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይፈላና ሞተሩ ቀጥ ይላል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች «አይዞህ» ብለውኝ ያልፋሉ።

ለዓመታዊው ምርመራ የወሰድኩት ጊዜ መርማሪው ወጣት ሊብሬውን አየ፣ እኔን አየ፣ «አባቴ፣ ይህ መኪና ከእኔ አባት ይበልጣል» አለኝ። ኮምፒውተሩ የመኪናውን ዓይነት ከዝርዝሩ ስላጣው ሊመልሰኝ ነበር። ፍሬኑን ብቻ ለካልኝ ብዬ ለመንኩት። በመለኪያው ላይ ሲያወጣው የፊት ግራው ከቀኙ ደክሞ ተገኘ። ወደቅሁ። አላፈርኩም፤ ቤቴ ወስጄ ታምቡሩን ፈትቼ የፍሬን ሸራውን አስተካከልኩና በሳምንቱ ተመለስኩ። አለፍኩ። የተከበሩት ጸሐፊ ሆይ፣ ከሁለቱ ቀናት በአንዱ መኪናዬ መንገድ ላይ መውጣት አልነበረበትም፣ በሌላው ነበረበት፤ በሁለቱም ቀን ግን ዕድሜው እኩል ነበር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ምርመራው ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱንና ጎማውን ለክቶ የማያልፈውን ይጣል፤ የአምስት ዓመት ቢሆንም ይጣል። በጥንት መልኩ ተጠብቆ ለቆየው ደግሞ አንድ መደብ ይከፈትለት፤ በዓመት የሚነዳው ኪሎ ሜትር ይወሰንበት ቢባል እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ ነኝ። ጀርመኖች 30 ዓመት የሞላውንና በይዞታው የተጠበቀውን መኪና ባለሙያ አይቶ ሲመሰክርለት «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት የታሪክ ሰሌዳ ይሰጡታል። እርስዎ ማቅለጫ በላኩበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

ደግሞ ምትክ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተወስኗል። በውሳኔዎቹ አልከራከርም፤ ልጄ ራሷ የምትነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ሲነሣ ድምፁ ስለማይሰማ በር ላይ ስትጠብቀኝ ሳላውቅ እቀራለሁ። ነገር ግን እነዚህ አሮጌ አሜሪካኖች አንዴ ከቀለጡ ሌላ አይመጣም። በየግቢው ስንት እንደቀሩ ለማየት ሸራ የሚገልጥ ሰው ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ እሑድ ማለዳ ሰባራ ባቡር ይምጡ፤ አድራሻዬ ከዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ። ይዣቸው እስከ ማደያው እወርዳለሁ። ቀጂዎቹ ልጆች መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው የቤንዚን መሙያ ክዳኑን ያጡታል፤ በ1957 ሸቭሮሌት ላይ በግልጽ የሚታይ ቦታ አይደለም፣ ከኋላ በኩል ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። እርሳቸው በአንድ ዙር ካገኙት ቁርሱ በእኔ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከሰባራ ባቡር፣ ጡረተኛ የማተሚያ ማሽን ጠጋኝ