ጋሼ፣ ማሊያዎቹን ቆጠርኳቸው

ጎንደር፣ ሰኔ 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ገብቷል፤ የጓሮው ቦይ እንደ ልማዱ ተደፍኖ ነበር፣ ጠረግኩት። ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን ያድርጉና ራስዎ ያንብቡት። እትዬ ካነበበችልዎ ያልጣማትን ትዘላለች።

የቡድኑን ነገር በስልክ ሲጠይቁኝ «ደህና ነው» እያልኩ ሳልፍ ከረምኩ። ደህና አልነበረም። ከምድባችን ሦስተኛ ሆነን ቀረን፤ ግማሽ ፍጻሜ እንኳን አልደረስንም። አምና ዋንጫ የበላ ትምህርት ቤት!

ነገሩ የተበላሸው ገና ከጥቅምት ነው። ዋንጫውን ካነሱት አስራ አንድ ልጆች ሰባቱ የ12ኛ ክፍል ነበሩ። እኔ ሜዳውን በኖራ ሳሰምር እነሱ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ለብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ በአገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ከእኔ ሰባት ልጆች ያለፈው በረኛው ብቻ ነው። ሁለቱ ሪሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት ገቡ፣ የቀሩት ተበተኑ።

እኔም ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ለቃቅሜ ገባሁ። አምና ማንም አያውቀንም ነበር። ዘንድሮ የሚገጥመን ሁሉ አስራ አንዱንም ግቡ ደጃፍ ኮልኩሎ ይጠብቀናል። አምና 4 ለ 0 የሸኘነው ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ረታንና ዋንጫ እንዳነሳ ሰው ተሸካክሞ ጨፈረ። ጥፋቱ የእኔም ነው። የአምናውን አሰላለፍ አልነካም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ በሄደው ልጅ ቦታ ሌላ ልጅ አስገብቼ የሄደውን ጨዋታ ከእሱ እጠብቃለሁ። በመጨረሻው ቀን ማሸነፍ ነበረብን። 1 ለ 1 ሆነን ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። አንድ ቀጭን የ10ኛ ክፍል ልጅ መታ፣ ብረቱ መለሰበት። እዚያው ቁጭ አለ። ሄጄ ላነሳው ይገባኝ ነበር፤ ሰዓቴን ሳይ ቆየሁ።

የልጅ ልጅዎ ተጠባባቂ በረኛ ሆኖልዎታል። ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው የሚተኛው፤ እግሩ አድጎ የእኔን ጫማ ወስዶብኛል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረችው፣ አሁን «ሰ» ማለት አቅቷታል።

ከጨዋታው በኋላ ማሊያዎቹን ማዳበሪያው ውስጥ ስመልስ ቆጠርኳቸው። እርስዎ ቁጥር የሰፉላቸው አስራ ስድስት ነበሩ፤ አስራ አምስት ሆኑ። 11 ቁጥር የለም። የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። የአምናው የግራ መስመር ልጅ ማራኪ ባጃጅ ይነዳል፤ ከጃኬቱ ስር ለብሶት አይቼዋለሁ፣ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። 4 ቁጥር ደግሞ ተተርትሮ ቅዳሜ ገበያ ላለ ሰፊ ብሰጠው በነጭ ክር አንቆራቆዘው። እርስዎ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በጥቁር ክር፣ በሁለት ሌሊት ነበር የጨረሱት። ሳንቲም አልተቀበሉም።

እንግዲህ ያንን ያደረገው ሰው ነው ዋንጫውን ይዤ ከቤት ስገባ ቀና ብሎ አይቶ «የአንድ ዓመት ነው» ያለኝ።

ፋሲል ከነማ በ2013 የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲበላ፣ ውድድሩ ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየዞረ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ፣ እርስዎ ሱቅዎን ዘግተው ጎረቤት ዲኤስቲቪ ፊት ነበሩ። በ2014 ጊዮርጊስ ቀድሞት ሁለተኛ ሲወጣ «ሁለተኛም ወግ ነው» አሉ። ለፋሲል የተረፈው አንጀት ለእኔ ልጆች የት ጠፋ?

ነገሩ ደግሞ የአምና ብቻ አይደለም። 10ኛ ክፍል ሆኜ ባሕር ዳር ለሚሄደው ምርጥ ቡድን ተመርጬ፣ ጥምቀት ደርሷል ብለው አስቀሩኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይላል ሰው፤ እኔ እስከ ከተራ ሌሊት የሰው ቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም አውቶቡሱ ሄደ። ያኔም «የአንድ ዓመት ነገር ነው፣ ለከርሞ ትሄዳለህ» ነበር ያሉኝ። ለከርሞ የመረጠኝ የለም። ይህን ነግሬዎት አላውቅም፤ የሚያስታውሱትም አይመስለኝም።

ትናንት እትዬ ደወለች። ሐኪሙ ጣቶቹ አሁን ካልተቆረጡ ቁስሉ ወደ ላይ ይወጣል ማለቱን ነገረችኝ። እርስዎም «ለአንድ ዓመት ዕድሜ ብዬ እግሬን አላስነካም፣ ጎንደር መልሱኝ» ብለዋታል አሉ።

ደግሞም አንድ ዓመት።

ጋሼ፣ እኔ ያቺን አንድ ዓመት እፈልጋታለሁ። ይቆረጥ ነው የምለው። ይኸው ጻፍኩት።

ቀኝ እግርዎ መሆኑ፣ ሲንጀሯን የሚረግጠው እሱ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ፒያሳ ያለውን የስፌት መኪና ጠጋኝ ጠይቄዋለሁ፤ ከጎኗ ሞተር ይገጠምላታል፣ ግራ እግር ትንሽ ጫን ቢላት ይበቃታል አለኝ። መብራት የጠፋ ቀን እኔ እረግጥልዎታለሁ፤ እርስዎ ጨርቁን ይምሩ። ጠርዝ ያስዘመዘሙኝ ለዚህ ይሁን።

ሐሙስ ጠዋት ከአዘዞ በአውሮፕላን እነሳለሁ። እስከዚያ ከሐኪሙ ጋር አይጣሉ። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ በባዶ እግርዎም ግቢ እንዳይወጡ። ሻይ ላይ በድብቅ ስኳር እንደሚጨምሩም ሰምቻለሁ። 4 ቁጥርን ይዤልዎት እመጣለሁ፤ የዚያን ሰው ስፌት አይተው ይፍረዱ።

ልጅዎ